ለጀማሪዎች የሚሆኑ የመጫወቻ ሄሊኮፕተሮች አሠራር፣ አመራረጥና ጥንቃቄ

ለሥራ ወይም ለሥልጠና ወደ ውጭ አገር ተጉዘው የሚመለሱ ወላጆች ለልጆቻቸው ከሚገዟቸው ስጦታዎች አንዱ በርቀት መቆጣጠሪያ የሚሠራ አነስተኛ ሄሊኮፕተር ነው። ዕቃው ከማሸጊያው ከወጣ በኋላ ግን ብዙ ጊዜ ዕድሜው አጭር ይሆናል። በመጀመሪያው ቀን ከጣሪያ ወይም ከግድግዳ ጋር ተጋጭቶ ይሰበራል፤ ያ ባይሆን ደግሞ ባትሪው በአያያዝ ጉድለት ተበላሽቶ መደርደሪያ ላይ ይቀራል። የችግሩ መነሻ በአብዛኛው የዕቃው ጥራት ሳይሆን ለጀማሪ የተሠራውና ልምድ ላለው ሰው የተሠራው ሳይለይ መገዛቱ ነው።

ለጀማሪ የሚሆን ሄሊኮፕተር ከሌላው የሚለየው ትንሽ ወይም ርካሽ በመሆኑ ብቻ አይደለም። ዋናው ልዩነት ከአብራሪው ሥራ ከፊሉን መሣሪያው ራሱ እንዲያከናውን ተደርጎ መሠራቱ ነው። የትኛው ሥራ ለመሣሪያው እንደተተወና የትኛው ለአብራሪው እንደቀረ የተረዳ ገዢ የሚስማማውን ለመምረጥም ሆነ ለመልመድ አይቸገርም።

ሄሊኮፕተር ከአውሮፕላን ይልቅ ለማብረር አስቸጋሪ ነው። በሚገባ የተሠራ አውሮፕላን ወደ ፊት እየተጓዘ እስካለ ድረስ አየሩ ስለሚደግፈው አብራሪው ለአፍታ እጁን ከመሪው ቢያነሳም ጉዞውን ይቀጥላል። በአንድ ቦታ ተንሳፍፎ የቆመ ሄሊኮፕተር ግን በኳስ ላይ ቆሞ ሚዛኑን ለመጠበቅ ከሚታገል ሰው ጋር ይመሳሰላል። በትንሹ ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ ወደዚያው መንሸራተት ይጀምራል፤ ካልታረመም ፍጥነቱ ይጨምራል።

ሌላው ችግር የማሽከርከር አጸፋ ነው። ሞተሩ ከላይ ያለውንና ሮተር የሚባለውን ተሽከርካሪ ክንፍ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲያዞር፣ የሄሊኮፕተሩ አካል በተቃራኒው አቅጣጫ መዞር ይጀምራል። ኢጎር ሲኮርስኪ እ.ኤ.አ በ1939 በአሜሪካ ባበረረው ቪኤስ 300 ሄሊኮፕተር ይህን አጸፋ የተቋቋመው በጅራት ላይ ትንሽ ሮተር በማቆም ሲሆን፣ ሚ 8ን ጨምሮ ዛሬ በሰማይ የሚታዩት አብዛኞቹ ሄሊኮፕተሮች ይህንኑ መንገድ ይከተላሉ። ዘዴው ጥሩ ቢሆንም አብራሪው ኃይል በጨመረና በቀነሰ ቁጥር የጅራቱን ግፊትም አብሮ ማስተካከል ይጠበቅበታል። ለጀማሪ ይህ ከባድ ሸክም ነው።

የመጫወቻ ሄሊኮፕተር አምራቾች የመረጡት ሌላ መፍትሔ ነው። በአንድ ዘንግ ላይ ሁለት ሮተሮች ከላይና ከታች ይገጠሙና በተቃራኒ አቅጣጫ ይሽከረከራሉ። የአንዱ አጸፋ የሌላውን ስለሚያጠፋ አካሉ ሳይዞር ይቆማል። ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ለመዞር ሲፈለግ አንዱን ሮተር ከሌላው በትንሹ ማፍጠን ይበቃል። ዘዴው የመጫወቻ ዕቃ ብቻ አይደለም፤ በሶቪየት ኅብረት በኒኮላይ ካሞቭ የተመሠረተው የዲዛይን ቢሮ የሠራቸው እንደ ካ 32 ያሉ ከባድ ዕቃ አንሺ ሄሊኮፕተሮችም በዚሁ መርህ ይሠራሉ።

ከላይኛው ሮተር በላይ ደግሞ ጫፎቹ ላይ ክብደት ያለበት ቀጭን ዘንግ ይታያል። አንዳንድ ገዢዎች እንደ ጌጥ የሚቆጥሩት፣ ሲጎብጥም ችላ የሚሉት ይህ ዘንግ የመሣሪያው ዋነኛ ሚዛን ጠባቂ ነው። ዘንጉ በፍጥነት ሲሽከረከር የተሽከርካሪ ነገር ባሕርይ ስላለው አካሉ በድንገት ቢያዘነብልም እርሱ በነበረበት ደረጃ ለመቆየት ይጥራል። በመካከል ባለችው ትንሽ ማያያዣ አማካይነትም የላይኛውን ክንፎች አቀማመጥ እየለወጠ ዝንባሌውን ያርመዋል። አብራሪው ሳያውቀው በእያንዳንዱ ቅጽበት የሚካሄደው ይህ እርማት ባይኖር ጀማሪ ሰው አሥር ሴኮንድ ለማብረርም ይቸገር ነበር።

የዚህ ዘንግ ታሪክ መጫወቻ መሰል ሞዴሎች ለትልቁ ቴክኖሎጂ ያበረከቱትን ድርሻ ያሳያል። አሜሪካዊው አርተር ያንግ ከ1920ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለዓመታት በኤሌክትሪክ ሞተር የሚሠሩ ትናንሽ የሄሊኮፕተር ሞዴሎችን እየሠራና እየሰበረ ሲሞክር ከቆየ በኋላ ሚዛን ጠባቂውን ዘንግ አገኘ። እ.ኤ.አ በ1941 ሞዴሉን ይዞ ወደ ቤል ኩባንያ የሄደ ሲሆን፣ ከዚያ ሥራ የተገኘው ቤል 47 እ.ኤ.አ መጋቢት 8 ቀን 1946 በአሜሪካ ለሲቪል አገልግሎት ፈቃድ ያገኘ የመጀመሪያው ሄሊኮፕተር ሆኗል። ከዚያም አስቀድሞ እ.ኤ.አ በ1878 የ11 ዓመቱ ዊልበርና የ7 ዓመቱ ኦርቪል ራይት ከአባታቸው በስጦታ ያገኙት ከቡሽ፣ ከቀርከሃና ከወረቀት የተሠራና በተጠመዘዘ ላስቲክ የሚበር መጫወቻ ስለ በረራ እንዲያስቡ እንዳነሳሳቸው ወንድማማቾቹ ራሳቸው ተናግረዋል።

ወደ ፊት መሄድ የሚቻለው በጅራት ላይ ተጋድማ በተቀመጠች ትንሽ ሮተር ነው። ይህች ሮተር ጅራቱን ወደ ላይ ስታነሳ አፍንጫው ዝቅ ይልና ሄሊኮፕተሩ ወደ ፊት ይጓዛል፤ ወደ ታች ስትገፋ ወደ ኋላ ይመለሳል። በዚህ መሠረት አብራሪው የሚቆጣጠረው ከፍታን፣ መዞርንና ወደ ፊትና ወደ ኋላ መሄድን ነው። ሳይዞሩ ወደ ጎን መንሸራተት የሚባለው አራተኛው እንቅስቃሴ ተወስዶበታል። ሦስት ቻናል የሚለው የማሸጊያ ጽሑፍም ትርጉሙ ይኸው ነው።

የዚህ ዓይነት መሣሪያ ዓይነተኛ ምሳሌ በቻይና ጓንግዶንግ ግዛት የሚገኘው ሳይማ ኩባንያ በ2000ዎቹ መጨረሻ ለገበያ ያቀረበውና በዓለም ዙሪያ በስፋት የተሸጠው ኤስ 107 ነው። ርዝመቱ 22 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ ወደ 40 ግራም ሲሆን፣ ከ40 እስከ 50 ደቂቃ ቻርጅ ተደርጎ ለ8 ደቂቃ ያህል ይበራል። መቆጣጠሪያው ስድስት ትናንሽ ባትሪ ድንጋዮችን የሚወስድ ሲሆን ትእዛዝ የሚያስተላልፈው እንደ ቴሌቪዥን ሪሞት ኢንፍራሬድ በሚባለው በዓይን በማይታይ ጨረር ነው። ከእርሱ በፊት እ.ኤ.አ በ2006 የሆንግ ኮንጉ ሲልቨርሊት ኩባንያ ያወጣው ፒኩ ዜድ 10 ግራም ብቻ የሚመዝን ሲሆን ሁለት ቻናል ብቻ ነበረው። ወደ ፊት የሚሄደው አፍንጫው ከበድ እንዲል ተደርጎ በመሠራቱ በመሆኑ፣ ማቆም ቢያስፈልግ እንኳ ማቆም አይቻልም ነበር። ከሁለት ቻናል ወደ ሦስት የተደረገው ሽግግር ለጀማሪ ትልቅ ለውጥ ያመጣውም ለዚህ ነው።

በመሆኑም ገዢው ከቀለሙና ከመብራቱ በፊት ሊመለከት የሚገባው የቻናሉን ብዛትና የሮተሩን አሠራር ነው። ምንም ልምድ ለሌለው ሰው ሁለት ሮተር በአንድ ዘንግ ላይ ያለው፣ ሦስት ቻናል፣ ከ50 ግራም የማይበልጥ ሄሊኮፕተር ይበቃዋል። አራት ቻናል ያላቸውና አንድ ዋና ሮተር የሚጠቀሙት ወደ ጎንም መሄድ ስለሚችሉ ቀጣይ ደረጃ ናቸው። ባለፉት ዓመታት ከእነዚህ መካከል ሚዛን ጠባቂውን ዘንግ በጋይሮስኮፕና በትናንሽ መለኪያዎች የተኩ፣ የአየር ግፊት እየለኩም ከፍታቸውን ራሳቸው የሚጠብቁ ስለወጡ ጀማሪም ሊሞክራቸው ይችላል። አራት ሮተር ያላቸው አነስተኛ ድሮኖች ከሁሉም ይልቅ ለማብረር ቀላል ናቸው፤ ሥራውን በሙሉ ማለት ይቻላል ኮምፒውተራቸው ስለሚሠራው ግን ስለ ሄሊኮፕተር የሚያስተምሩት ጥቂት ነው።

ስድስት ቻናል ያላቸው ትላልቅ ሄሊኮፕተሮች ከዚህ ሁሉ ይለያሉ። የክንፎቻቸው አቀማመጥ በበረራ ላይ ስለሚለወጥ ተገልብጠው መብረር ይችላሉ፤ ሲሳሳቱ የሚያርማቸው አብራሪው ብቻ ነው። በሱቅ ከመጫወቻዎቹ ጎን ተደርድረው ሊገኙ ቢችሉም መጫወቻ አይደሉም። እ.ኤ.አ በመስከረም 2013 በኒውዮርክ ብሩክሊን በሚገኝ መናፈሻ ሞዴል ሄሊኮፕተር ያበር የነበረ የ19 ዓመት ወጣት በራሱ ሄሊኮፕተር ክንፍ ተመትቶ ሕይወቱ አልፏል። ወጣቱ ልምድ ያለው ነበር። እንዲህ ያለውን መሣሪያ ትልቅ ስጦታ ነው በሚል ለልጅ መግዛት ከስህተትም በላይ ነው።

የ40 ግራሟ መጫወቻ አጥንት አትሰብርም። ዓይንን ግን ልትጎዳ፣ ረጅም ፀጉርም ልትጠቀልል ትችላለች። ብዙዎቹ አምራቾች በማሸጊያው ላይ 8 ወይም 14 ዓመት የሚል የዕድሜ ገደብ የሚያትሙት በዚህ ምክንያት በመሆኑ ገደቡን ማክበር ይገባል። ታናናሽ ልጆች ተመልካች ሆነው ከሁለት ሜትር ያላነሰ ርቀት መቆም አለባቸው።

ለኢትዮጵያ ተጠቃሚ ልዩ ትርጉም ያለው ጉዳይ የአገሪቱ ከፍታ ነው። የአምራቾች ፋብሪካዎች የሚገኙበት የደቡብ ቻይና ዳርቻ ከባህር ወለል ብዙም ከፍ አይልም። አዲስ አበባ ግን ከባህር ወለል በላይ ከ2 ሺህ 300 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት ከተማ ስትሆን፣ የአየሩ እፍጋት በባህር ወለል ካለው በ20 በመቶ ገደማ ያንሳል። ሮተር ሄሊኮፕተሩን የሚያነሳው አየር ወደ ታች በመግፋት በመሆኑ፣ አየሩ ሲሳሳ ያንኑ ክብደት ለማንሳት 12 በመቶ ያህል ፈጥኖ መሽከርከር፣ በተመሳሳይ መጠንም ተጨማሪ ኃይል መውሰድ ይኖርበታል። ስለዚህ በማሸጊያው ላይ 8 ደቂቃ ተብሎ የተጻፈው በአዲስ አበባ 7 ደቂቃ ቢሆን ሊያስገርም አይገባም። ባትሪው ሲያረጅ በጋምቤላ ቆላ አሁንም የሚነሳ ሄሊኮፕተር በአዲስ አበባ ከወለሉ አልነሳም ሊል ይችላል። ካሜራና ተጨማሪ መብራት የተሸከሙት ደግሞ ቀድሞውንም የሚተርፋቸው ጉልበት ጥቂት በመሆኑ በደጋ አካባቢ ቀለል ያለውን መምረጥ ይሻላል።

የደጋው ፀሐይም ሌላው ምክንያት ነው። የፀሐይ ብርሃን ራሱ ኢንፍራሬድ ስላለው የመቆጣጠሪያውን ምልክት ይውጠዋል፤ ሄሊኮፕተሩ ትእዛዝ መስማት ያቆምና ይወድቃል። ነፋስ ደግሞ 40 ግራም የሚመዝን ነገር ለመውሰድ ብዙ መንፈስ አይጠበቅበትም። የሦስት ቻናል ሄሊኮፕተር የቤት ውስጥ መሣሪያ ሲሆን፣ ሰፊ ሳሎን፣ የትምህርት ቤት አዳራሽ ወይም ባዶ የስብሰባ ክፍል ተስማሚ ቦታዎቹ ናቸው። የጣሪያ ማራገቢያ መጥፋቱን፣ መስኮት መዘጋቱን አስቀድሞ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ልምምድ ሄሊኮፕተሩን ጅራቱ ወደ አብራሪው እንዲሆን አድርጎ በክፍሉ መካከል በማስቀመጥ ይጀምራል። በዚህ አቀማመጥ የሄሊኮፕተሩ ግራና ቀኝ ከአብራሪው ግራና ቀኝ ጋር አንድ ይሆናል። አፍንጫው ወደ አብራሪው ሲዞር ግን ሁሉ ይገለበጣል፤ የጀማሪዎች አብዛኛው ግጭት የሚደርሰውም በዚህ ጊዜ ነው። የግራው ማንሻ ቀስ ተብሎ ወደ ላይ ሲገፋ ሮተሮቹ ይፈጥናሉ። ከወለሉ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ከፍ እንዳለ መቆየት ጥንቃቄ ይመስላል፤ ነገር ግን ወደ ታች የተገፋው አየር ከወለሉ ነጥሮ ስለሚያናውጠው እዚያ ማቆየት የበለጠ ያስቸግራል። በፍጥነት ወደ አንድ ሜትር ከፍታ ማውጣት ይመረጣል።

ማንሻው ሳይነካ በራሱ ወደ አንድ ወገን የሚዞር ከሆነ በመቆጣጠሪያው መካከል ያለው ትንሽ ማስተካከያ ወደ ተቃራኒው ወገን ይዞራል። ቀጥሎ ሊለመድ የሚገባው አንድ ቦታ ላይ ማንሳፈፍ ነው። ልጆች ወዲያው ማዞርና ማሳደድ ይፈልጋሉ፤ ሦስት ባትሪ ሙሉ በማንሳፈፍ ብቻ ያሳለፈ ልጅ ግን ቀሪውን በአንድ ከሰዓት በኋላ ይጨርሰዋል። ከሁሉ በላይ ሄሊኮፕተሩ ከማንኛውም ነገር ጋር ሊጋጭ ሲል ኃይሉን ፈጥኖ መቀነስ ልማድ መሆን ይኖርበታል። ከግድግዳ ጋር ተጋጭቶ ሳለ ኃይል መጨመር ማርሾቹን ይበላል፣ ሞተሩንም ያቃጥላል።

የባትሪው ጉዳይ ከበረራው ይልቅ ትኩረት ይሻል። በእነዚህ መሣሪያዎች ውስጥ ያለው ሊቲየም ፖሊመር የሚባለው ባትሪ ለክብደቱ ብዙ ኃይል ስለሚይዝ አነስተኛ ሄሊኮፕተሮች እንዲኖሩ ያስቻለ ነው። ከመጠን በላይ ከተሞላ፣ ከተበሳ ወይም ከተጣመመ ግን ሊቃጠል ይችላል። መሙላቱ 4.2 ቮልት ላይ መቆም ይኖርበታል፤ ከ3 ቮልት በታች ከወረደም ይጎዳል። ስለሆነም ሄሊኮፕተሩ ጉልበት ሲያጣ ጥቂት ልጨምር ብሎ መጎተት አይገባም። ካረፈ በኋላ ቢያንስ 10 ደቂቃ ቀዝቅዞ ይሞላል። ቻርጅ የሚደረገውም ከዕቃው ጋር በመጣው ገመድ ብቻ፣ ከምንጣፍና ከወረቀት ርቆ፣ ሰው ባለበት ነው። በመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ ወደ ስብሰባ መግባት እንግዲህ ከተከለከሉት ተርታ ነው። ያበጠ ባትሪ ዳግም አይሞላም፤ አይበሳም፤ እሳት ውስጥም አይጣልም። ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ ከሆነ ሙሉም ባዶም ሳይሆን በግማሽ መተው ዕድሜውን ያራዝመዋል።

መንገደኞችም ሊያውቁት የሚገባ ነገር አለ። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት እ.ኤ.አ ከሚያዝያ 1 ቀን 2016 ጀምሮ ሊቲየም አዮን ባትሪዎች ለብቻቸው በመንገደኛ አውሮፕላን በካርጎነት እንዳይጫኑ አግዷል። መንገደኛው ለራሱ የሚይዛቸው ትርፍ ባትሪዎች በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ አይሆኑም። ያለ አየር መንገዱ ልዩ ፈቃድ የሚፈቀደው እስከ 100 ዋት ሰዓት ነው። 3.7 ቮልትና 150 ሚሊ አምፒር ሰዓት የሆነች የመጫወቻ ባትሪ ከአንድ ዋት ሰዓት በታች በመሆኗ በመጠኗ የምታሳስብ አይደለችም። ሆኖም ጫፎቿ ከቁልፍ ወይም ከሳንቲም ጋር እንዳይነካኩ መሸፈን፣ የሄሊኮፕተሩ ማብሪያም መጥፋቱን ማየት ያስፈልጋል።

ካሜራ የያዘ መሣሪያ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ ከታኅሣሥ 2015 ጀምሮ የምዝገባ መስፈርት የሆነው 250 ግራም ነው። በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ በ2020 መጨረሻ ተግባራዊ የሆነው ደንብ ከክብደት በተጨማሪ ካሜራ መኖር አለመኖሩን ያያል። በኢትዮጵያም ሰው አልባ በራሪ መሣሪያ ወደ አገር ለማስገባትና ለማብረር የሚመለከታቸውን የመንግሥት አካላት ፈቃድ ማግኘት ያስፈልጋል። ካሜራ የሌለው የቤት ውስጥ መጫወቻና ካሜራ ያለው ድሮን በማሸጊያ ሳጥናቸው ሊመሳሰሉ ስለሚችሉ ገዢው ከመግዛቱ በፊት ጠይቆ መረዳቱ በጉምሩክ ከሚገጥም እንግልት ያድነዋል። ለልጅ ስጦታ ከሆነ ካሜራ የሌለውን መምረጥ ለሁሉም ይቀላል።

የኢንፍራሬድ ሄሊኮፕተሮች ለትምህርት ቤት የሳይንስ ክበባትም ይጠቅማሉ። የኤስ 107 መቆጣጠሪያ ምልክት በሴኮንድ 38 ሺህ ጊዜ ገደማ እየበራና እየጠፋ የሚላክ ሲሆን፣ የትርፍ ጊዜ ባለሙያዎች ትእዛዙን ፈትተው አርዱዊኖ ከሚባለው አነስተኛ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ጋር በማገናኘት ሄሊኮፕተሩን በኮምፒውተር አብርረዋል። መቆጣጠሪያው መሥራቱን ለማወቅ ደግሞ በብዙ የሞባይል ካሜራዎች በኩል መመልከት ይበቃል፤ በባዶ ዓይን የማይታየው ጨረር በስክሪኑ ላይ ነጣ ያለ ሐምራዊ ብርሃን ሆኖ ይታያል።

ከተሰባሪዎቹ ክፍሎች ቀዳሚዎቹ ክንፎቹ፣ ሚዛን ጠባቂው ዘንግና ማያያዣው በመሆናቸው ዕቃው ሲገዛ መለዋወጫቸውንም አብሮ መግዛት ይመከራል። ሄሊኮፕተሩ ሳይሰበር እያንቀጠቀጠ ከበረረ መጀመሪያ የሚታየው ማያያዣዋ ከቦታዋ መውጣቷና የዘንጉ መጉበጥ ነው። የላይኛውና የታችኛው ሮተር በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚሽከረከሩ ክንፎቻቸው አንድ አይደሉም። አምራቾች ኤ እና ቢ በሚሉ ፊደላት ይለዩአቸዋል፤ ተለዋውጠው ከተገጠሙ ሞተሩ የቱንም ያህል ቢጮህ ሄሊኮፕተሩ ከወለሉ አይነሳም።